ሦስት ኪሎ እህል ወይስ ስድስት ብር? በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ የምግብ ውድነት ከየት ይመጣል

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሎ የተጻፈ)



የንግግሬን ርእስ የሰጠችኝ አንዲት የደጋ እናት ናት። በግንቦት 2000 ዓ.ም. ትምህርቴን በቅርቡ ጨርሼ፣ መጠይቅ በቦርሳዬ ይዤ፣ ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የደጋ ቀበሌ ቤት ለቤት እዞር ነበር። አንድ ቀን የሴፍቲኔት ክፍያ ከሚጠብቁ ሰዎች መካከል ተቀምጬ ሳለ፣ አጠገቤ የነበሩ እናት ዘወር ብለው “ልጄ፣ የዚህ ወር በእህል ነው በብር?” ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም እንደማላውቅ ነግሬ፣ “እናቴ፣ እርስዎ የቱን ይመርጣሉ?” አልኳቸው። “ብሩማ ገና ገበያ ሳልደርስ ያንሳል” አሉኝ። በመጠይቄ ላይ ለዚህ መልስ የሚሆን ባዶ ቦታ አልነበረም፤ ዳር ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ ኑሮ ውድነት ያነበብኩትንና ያስተማርኩትን ሁሉ በዚያች ዓረፍተ ነገር ስመዝን ኖሬአለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ ላስረዳ። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር፣ በማኅበረሰብ ሥራ ለተሳተፈ ሰው የአንድ ቀን ክፍያ 3 ኪሎ እህል ወይም 6 ብር ነበር። በወር ለአንድ ሰው የ5 ቀን ሥራ ይታሰባል፤ ይህም 15 ኪሎ ነው። በዚያ ዓመት 6 ብር 3 ኪሎ ያህል እህል ይገዛ ስለነበር ሁለቱ ክፍያዎች እኩል ናቸው ተብሎ ታሰበ። በ2000 ዓ.ም. የአገራችን የምግብ ዋጋ ግሽበት ከ60 በመቶ በላይ ሲደርስ ግን እኩልነቱ ፈረሰ። የቀን ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ተደረገ፤ ዋጋው ግን ቀድሞት ሄዶ ነበር። በመላ አገሪቱ የፕሮግራሙ ተጠቃሚዎች ከብር ይልቅ እህል መምረጥ እንደጀመሩ የጊዜው ጥናቶች መዝግበዋል።

ሦስት ኪሎ እህል በታኅሣሥም በሐምሌም ሦስት ኪሎ ነው። ስድስት ብር ግን በታኅሣሥ ሌላ ነው፤ በሐምሌም ሌላ ነው። ክፍያው በእህል ሲሆን የዋጋ መናርን ጉዳት የሚሸከመው ከፋዩ ነው፤ በብር ሲሆን ተቀባይዋ እናት ናት። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው። የምግብ ውድነት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ዝናብ፣ መንገድ፣ ጦርነት፣ የብር የመግዛት አቅም። እነዚህ ሁሉ ከየአቅጣጫው መጥተው በመጨረሻ የሚያርፉት ግን ጫናውን ለሌላ ማስተላለፍ በማይችለው ሰው ትከሻ ላይ ነው። በሰቆጣና በዙሪያዋ ያ ሰው የደጋው አባወራና የደጋዋ እማወራ ናቸው።

በቅድሚያ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ መመርመር ያስፈልጋል። በከተማ “እህል ሲወደድ ገበሬው ይጠቀማል” ሲባል እንሰማለን። ይህ በምሥራቅ ጎጃም ትርፍ አምራች ለሆነ ገበሬ በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል። በዋግ ግን አብዛኛው ገበሬ ራሱ የእህል ገዥ ነው። መሬቱ ተዳፋት ነው፤ አፈሩ ለዘመናት ታጥቧል፤ ማሳው ጠባብ ነው። ዝናቡ በዋናነት በሐምሌና በነሐሴ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ዘግይቶ ከገባ ወይም ቀድሞ ከወጣ፣ በደጋው ገብስና ስንዴ፣ በቆላው ማሽላና ጤፍ ፍሬ ሳይዝ ይቀራል። በደህናው ዓመት እንኳ የጎተራው እህል ከመስከረም እስከ መስከረም የማያደርሰው ቤተሰብ ብዙ ነው። ስለዚህ በገበሬ አገር የእህል ዋጋ መናር ገበሬውን የሚጎዳበት ምክንያት እንቆቅልሽ አይደለም፤ የሚገዛው ከሚሸጠው ስለሚበልጥ ነው።

ከዚህም የከፋው ይኸው ገበሬ በተሳሳተው ወር ሻጭ፣ በተሳሳተው ወር ገዥ መሆኑ ነው። ምርቱ በታኅሣሥና በጥር ሲገባ፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የመሬት ግብር፣ የልጆች ደብተርና ልብስ፣ የማኅበርና የተዝካር ወጪ በአንድነት ይጠብቁታል። ሁሉም ገበሬ በዚያው ሰሞን ስለሚሸጥ ዋጋው ይወርዳል። ሰኔ ሲገባ ጎተራው ይጎድላል፤ ያን ጊዜ ያንኑ እህል በውድ ዋጋ መልሶ ይገዛል። በጥር ሸጦ በሐምሌ የሚገዛ ሰው በየዓመቱ የራሱን እህል ከነወለዱ እየገዛ ይኖራል ማለት ነው። ይህን ያላስተዋለ ጥናት የዓመቱን አማካይ ዋጋ ይዞ “ጭማሪው መጠነኛ ነው” ሊል ይችላል። በአማካይ ዋጋ የሚሸጥና የሚገዛ ገበሬ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ወደ ሁለተኛው ምክንያት ልለፍ፤ በእኔ ግምት ከሁሉ ያነሰ ትኩረት የተሰጠው ይህ ነው። የደጋው ቤተሰብ እህል የሚገዛበትን ገንዘብ ከየት ያመጣል? ከፍየል፣ ከበግ፣ ከዶሮና ከዕንቁላል፣ ከማርና ከጉልበት። የዋግ ነጭ ማር የታወቀ ነው፤ የአበርገሌ ፍየልም በዝርያ ስሙ በምርምር ማዕከላት የሚጠና እንስሳ ነው። ለዚህ ቤተሰብ የእህል ውድነት ማለት “አንድ ፍየል ስንት ኪሎ እህል ታመጣለች?” ማለት ነው።

ለስሌት እንዲመች ምሳሌ ልስጥ፤ ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው እንጂ ከገበያ የተወሰዱ አይደሉም። በደህናው ዓመት የአንድ ፍየል ዋጋ 100፣ የአንድ ኩንታል ማሽላም ዋጋ 100 ነው እንበል። አንድ ፍየል አንድ ኩንታል ታመጣለች። ዝናብ ሲቀር ማሽላው በግማሽ ይጨምርና 150 ይሆናል። በዚያው ጊዜ ግጦሽ ስለጠፋ፣ ሁሉም ሰው ፍየሉ ሳይሞትበት ለመሸጥ ስለሚሯሯጥና ፍየሉም ስለከሳ፣ ዋጋው ወደ 60 ይወርዳል። አሁን አንዷ ፍየል የምታመጣው 40 ኪሎ ብቻ ነው። የዋጋ ዘገባው “እህል 50 በመቶ ጨመረ” ይላል። ለዚያ ቤተሰብ ግን በፍየል ሲለካ እህሉ ሁለት እጥፍ ተኩል ተወዷል፤ ከገበታውም 60 በመቶው ጎድሏል።

ይህን ሐሳብ ለዓለም ያስተዋወቀው አማርትያ ሴን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው “ድህነትና ረሃብ” በተሰኘው መጽሐፉ ከመረመራቸው ረሃቦች አንዱ የእኛው የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ነው። ሰዎች በሚረግፉበት በዚያ ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ የተጠበቀውን ያህል እንዳልናረ፣ ከወሎም ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ እንደነበር አመለከተ። የወሎው ገበሬ ምርቱን ስላጣና ከብቱ ስለረከሰበት የመግዛት አቅሙ ጠፋ፤ ገዥ የሌለበት ገበያም ዋጋው አይንርም። ከደሴ በስተ ሰሜን ለምትገኘው ለዋግ ይህ ትምህርት ሩቅ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. አገራችን ስንዴ ለውጭ ገበያ ማቅረብ መጀመሯ ተበሠረ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ በዝቋላ፣ በሳህላና በአበርገሌ ዝናቡ ቀርቶ ቤተሰቦች ቀያቸውን ጥለው ወጡ። ሁለቱም እውነት ናቸው። እህል በአገር ውስጥ መኖሩ ብቻውን ለደጋዋ እናት “ላም አለኝ በሰማይ” ነው፤ ጥያቄው ወተቷ እንዴት ይደርሳታል የሚለው ነው።

ይህም ወደ ሦስተኛው ምክንያት፣ ወደ መንገዱ ያደርሰናል። ሰቆጣ በ19ኛው መቶ ዘመን ከአፋር ዝቅታ የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚያልፍባት የንግድ መናኸሪያ ነበረች። ዛሬ የመንገድ መጨረሻ ሆናለች። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ትርፍ እህል የሚገኘው በጎጃም፣ በጎንደር ቆላማ ስፍራዎችና በራያ ሜዳ ነው። ከዚያ ተጭኖ የሚመጣ እህል ነዳጁን፣ ጎማውን፣ የሹፌሩን አበልና የኬላ ወጪውን ሁሉ በዋጋው ላይ ይዞ ይገባል። ብዙ ጊዜ የማናስበው ነገር ደግሞ አለ፤ ወደ ሰቆጣ ሞልቶ የሚመጣ መኪና ሲመለስ የሚጭነው ብዙ ስለሌለ ባዶውን ይመለሳል። የመመለሻውንም ኪራይ የምትከፍለው በጣሳ የምትሸምተው እናት ናት።

በዚህ ላይ ጦርነት ተጨመረ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የተቀሰቀሰው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት ሰቆጣ ድረስ ዘለቀ። ክረምት ማለት ገበሬው ማሳው ላይ መሆን ያለበት ወቅት ነው። በኮረም በኩል ከራያ ጋር የሚያገናኘው ጥንታዊ የገበያ መስመር ተቋረጠ፤ ጎተራ ባዶ ሆነ፤ በሬ ታረደ፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብም ሰቆጣ ላይ ሲሰፍር በከተማዋ የሚሸምተው አፍ በዛ። በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ሆኖም በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ፤ ከጋሸና ወደ ላሊበላ፣ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ የሚወስደውም መስመር በየጊዜው የሚዘጋና የሚከፈት ሆነ። መንገድ ሲዘጋ እህል መግባት ያቆማል። ሲከፈትም ዋጋው ወዲያው አይወርድም፤ ነጋዴው ነገ ሊዘጋ እንደሚችል ስለሚያውቅ ሥጋቱን በዋጋው ላይ ያሰላዋል።

ስለ ጉልበትም አንድ ነገር ልበል። የዋግ ወጣቶች ለዓመታት ወደ ሑመራና ወደ መተማ እየወረዱ በሰሊጥ አረማና አጨዳ ያገኙትን ገንዘብ ለእህል መሸመቻ ይልኩ ነበር። ጦርነቱ ይህንንም በር ዘጋው። እህሉን የሚያመጣው መንገድና ገንዘቡን የሚያመጣው መንገድ በአንድ ጊዜ ሲዘጉ ምን እንደሚሆን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

“ምክንያቱ ስግብግብ ነጋዴ ነው” የሚለውን አስተያየት ሳላነሣ ማለፍ አይገባኝም። ስግብግብነት የቆየ ጠባይ ነው፤ ባለፉት አምስት ዓመታት በእጥፍ የሚጨምርበት ምክንያት የለም። ነጋዴ በጥር ገዝቶ በሐምሌ ሲሸጥ እህል በሌለበት ወር እህል እንዲኖር ያደርጋል። ይሁን እንጂ መኪና ለመላክ የሚደፍሩት ሁለትና ሦስት ሰዎች ብቻ በሆኑበት ገበያ፣ ዋጋውን በስምምነት ለመያዝ መንገዱ ክፍት ነው። መድኃኒቱም ተወዳዳሪ ማብዛት ነው፤ መጋዘን ማሸግ ከሦስቱ አንዱን አስወጥቶ ሁለት ያስቀራል።

አራተኛው ምክንያት ከዋግ ተራሮች ርቆ የሚወሰነው ነው። ይህን እናንተ በክፍል ውስጥ የምትማሩት ስለሆነ ባጭሩ አልፈዋለሁ። በ2014 ዓ.ም. የአገራችን የምግብ ዋጋ ግሽበት ከ40 በመቶ በላይ የደረሰባቸው ወራት ነበሩ። መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በሚወስደው ብድር መሸፈኑ፣ የጦርነቱ ወጪ፣ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሣቱ ሁሉም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። የዩሪያ የዓለም ዋጋ ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ 2014 ዓ.ም. አጋማሽ ከሦስት እጥፍ በላይ አድጓል። ማዳበሪያችን በጂቡቲ በኩል ከውጭ ስለሚገባ ጭማሪው በቀጥታ ገበሬው ላይ አርፏል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በሰቆጣ ደጋ ዶላር አይቶ የማያውቅ ገበሬ የምንዛሪ ለውጡን በማዳበሪያው፣ በዘይቱና በጭነት ኪራዩ በኩል ያውቀዋል።

እስካሁን የዘረዘርኳቸውን ምክንያቶች የምንለካበት መሣሪያ ራሱ ችግር አለበት። ኤርነስት ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1857 እንዳስተዋለው፣ ቤተሰብ በደኸየ ቁጥር ከገቢው ለምግብ የሚያውለው ድርሻ ይጨምራል። ምግብ በአንድ ዓመት 40 በመቶ፣ ሌላው ዕቃ ሁሉ 10 በመቶ ጨመረ እንበል። ከወጪው 30 በመቶውን ለምግብ ለሚያውል የከተማ ቤተሰብ ኑሮው በ19 በመቶ ተወደደ ማለት ነው። 80 በመቶውን ለምግብ ለሚያውለው የደጋ ቤተሰብ ግን በ34 በመቶ ተወዷል። አገራዊው የዋጋ መለኪያ ብዙ የሚያወጡ ሰዎች ወጪ የበለጠ የሚመዝንበት አማካይ ነው፤ የፍየሏን መርከስ ደግሞ ፈጽሞ አያይም። “ግሽበቱ ቀንሷል” የሚለው ዜና እውነት ሆኖ ሳለ የዚያች እናት ኑሮ እየከፋ ሊሄድ ይችላል። ግሽበት ቀነሰ ማለት ዋጋው የሚወጣበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት እንጂ ዋጋው ወረደ ማለት እንዳልሆነም ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ አሳስባለሁ።

ክቡራትና ክቡራን፤ ይህ ሁሉ መጨረሻው የት ነው? እህል ሲወደድ ቤተሰብ በአንድ ቀን አይራብም፤ በቅደም ተከተል ይጎድላል። መጀመሪያ ጤፉ በማሽላ ይተካል። ቀጥሎ ሽሮው ይቀጥናል። ዕንቁላሉ ሕፃኑ ሳይቀምሰው ለእህል መግዣ ይሸጣል። ከዚያ እናቲቱ “በልቻለሁ” ማለት ትጀምራለች። ዕለታዊ ጥጋብ በግድ ይጠበቅ እንጂ ልጅ የሚያድግበት ምግብ ቀድሞ ከማዕዱ ይወጣል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ከሚገኙ ሕፃናት 46 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚመጥን ቁመት አልነበራቸውም። ከዚያ ጥናት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ ቃል ገባ፤ ለቃል ኪዳኑም የሰቆጣን ስም ሰጠው። የሰቆጣ ቃል ኪዳን ሲፈጸም መለኪያው የልጅ ቁመት ነው። በአንድ ክረምት የናረ ዋጋ በሚቀጥለው መኸር ሊወርድ ይችላል፤ በዚያ ክረምት ያልጨመረ የልጅ ቁመት ግን አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ አይሞላም።

ስለ መፍትሔው ሦስት ነገሮችን ብቻ እላለሁ። አንደኛ፣ የሴፍቲኔት ክፍያ በብር ሲሆን መጠኑ በየወቅቱ በአካባቢው ገበያ የእህል ዋጋ ሊሰላ ይገባል፤ ገበያው በሚደርቅባቸው የክረምት ወራትና መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ በእህል ቢሆን ይመረጣል። ሁለተኛ፣ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በጥር ከገበሬው ገዝተው እዚያው በዞኑ ውስጥ ቢያከማቹና በሐምሌ መልሰው ቢሸጡ፣ የራሱን እህል ከነወለዱ ከመግዛት ያድኑታል። ሦስተኛ፣ ድርቅ መምጣቱ እንደታወቀ ፍየሉ ሳይከሳ የሚሸጥበት ገበያ መፈጠር አለበት። በ1998 ዓ.ም. ድርቅ በሞያሌ አካባቢ የከብት ነጋዴዎችን ከአርብቶ አደሮች ጋር በማገናኘት ይህ ተሞክሮ ሠርቷል። ከሦስቱ በፊት የሚቀድመው ግን ሰላም ነው፤ በተዘጋ መንገድ ላይ ሦስቱም አይሠሩም። ሦስቱም ሐሳቦች ዝናብ አያዘንቡም፤ የብርን ዋጋም አይመልሱም። የሚያደርጉት የዋጋ መናርን ሸክም ከአንዲት እናት ትከሻ አንሥተው፣ መሸከም ለሚችል ተቋም በከፊል ማስተላለፍ ነው።

ለተማሪዎች አንድ አደራ አለኝ። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ገበያ ወርዳችሁ ዋጋ ስትመዘግቡ፣ በጤፉና በማሽላው ዋጋ ጎን የፍየሏንና የቀን ሠራተኛውን ዋጋ ጻፉ። ወሩን ጻፉ፤ መንገዱ ክፍት መሆን አለመሆኑንም ጻፉ። መጠይቃችሁ ላይ ደግሞ እኔ ያልነበረኝን ባዶ ቦታ ተዉ፤ ሰዎቹ ራሳቸው የሚነግሯችሁ ነገር አለና።